ታይረስ ዎንግ

ታይረስ ዎንግ (ኦክቶበር 25 ቀን 1910 – ዲሴምበር 30 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 15 ቀን 1903 – ታኅሣሥ 21 ቀን 2009 ዓ.ም.) ትውልደ ቻይና አሜሪካዊ ሠዓሊ፣ የአኒሜሽን ባለሙያና የፊልም ዲዛይን ሠሪ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ በ1942 ላወጣው «ባምቢ» ለተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም መልኩን በመስጠቱ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 1968 ድረስ ደግሞ በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ተቀጥሮ፣ ፊልሞች ከመቀረጻቸው በፊት ትዕይንቶቻቸውን በሥዕል ሲያዘጋጅ ኖሯል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዎንግ የሥራ ሕይወት በአኒሜሽን ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣበት ምክንያት አለ። የ«ባምቢ» ደን፣ ጭጋጉና ብርሃኑ ምን መምሰል እንዳለበት የወሰኑት የእሱ ሥዕሎች ናቸው፤ በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይ ግን ስሙ የሚገኘው ወደ ታች ወረድ ብሎ ከጀርባ ሥዕል ቀቢዎች መካከል ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ሰውየው ወደ አሜሪካ የገባበትን መንገድና ስቱዲዮዎቹ በዚያ ዘመን ሥራን ይከፋፍሉ የነበረበትን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ስሞቹ

ሲወለድ የወጣለት ስም ዎንግ ጄን ዮ ነው። በቻይናውያን ልማድ የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም፣ «ዎንግ» ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንደሚመስለው የራሱ ስም ሳይሆን የቤተሰቡ መጠሪያ ነው። ወደ አሜሪካ የገባው ሉክ ታይ ያው በሚል ሌላ ስም ነበር። «ታይረስ» የሚለውን ደግሞ ያወጣለት በሳክራሜንቶ ከተማ የነበረ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ «ታይ ያው» የሚለውን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ እንዲመች አድርጎ ለወጠው። ልጁም ይህን ስም ከቤተሰቡ መጠሪያ ጋር አዳብሎ ዕድሜውን በሙሉ ተጠራበት።

ልጅነትና ወደ አሜሪካ የገባበት መንገድ

ዎንግ የተወለደው በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ግዛት፣ ታይሻን በተባለ አካባቢ ነው። ከታይሻን ብዙ ወንዶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለወርቅ ቁፋሮና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዱ ነበር። አባቱም ከዚያ ቀደም ብሎ አሜሪካ ኖሮ ያውቃል። በ1920 መጨረሻ፣ ልጁ 10 ዓመት እንደ ሞላው፣ አባትና ልጅ በመርከብ ተነሡ፤ እናትና እኅት እዚያው ቀሩ። ዎንግ ሁለቱንም ዳግመኛ አላያቸውም።

በዚያን ጊዜ አንድ ቻይናዊ እንደ ሌላው ስደተኛ አሜሪካ መግባት አይችልም ነበር። በ1882 የወጣው የቻይናውያን እገዳ ሕግ የጉልበት ሠራተኞችን ሙሉ በሙሉ ከልክሎ፣ ነጋዴዎችን፣ ተማሪዎችን፣ ዲፕሎማቶችንና ጥቂት ሌሎችን ብቻ ያሳልፍ ነበር። በአሜሪካ የተወለደ ቻይናዊ ግን ዜጋ ስለሆነ ልጆቹን የማስገባት መብት ነበረው። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ተከትሎት የተነሣው ቃጠሎ የከተማዪቱን የልደት መዛግብት ሲያወድም፣ ብዙዎች «የተወለድነው እዚሁ ነው» ብለው ዜግነት ማስመዝገብ ቻሉ። እንዲህ ያለው ሰው በቻይና ልጆች እንዳሉት አስመዝግቦ ቦታውን ለዘመድ ልጅ ይሰጣል፣ ወይም ለሌላ ሰው ይሸጣል። በዚህ መንገድ በሰነድ ብቻ የተዛመዱት «የወረቀት ልጆች» ተባሉ። ነጋዴ መስሎ መግባትም ሌላው መንገድ ነበር። የዎንግ ጉዳይ ለየት የሚያደርገው አባቱ እውነተኛ አባቱ ሆኖ ሳለ፣ አባትየው ሉክ ጌት በሚል የነጋዴ ስም፣ ልጁም በዚያው የውሸት ቤተሰብ ስም መጓዛቸው ነው።

ዲሴምበር 30 ቀን 1920፣ ከአንድ ወር የባሕር ጉዞ በኋላ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ካለው የኤንጅል ደሴት የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ደረሱ። አባትየው ቀድሞ በዚያው ስም የኖረበት መዝገብ ስላለው ቶሎ ተለቀቀ። ልጁ ግን ከአዋቂዎች መካከል ብቸኛው ሕፃን ሆኖ ወደ አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ በጣቢያው ታሰረ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1921 አስተርጓሚ ተቀምጦ፣ ቃሉ እየተጻፈ፣ በሦስት መርማሪዎች ፊት ቀረበ። የኤንጅል ደሴት ምርመራ በጥቃቅን ነገር ሰውን ለማጥመድ የተዘጋጀ ነበር። ቤታችሁ ወደ የት ይዞራል፣ ከመንደሩ በስንተኛው ረድፍ ነው፣ ጎረቤታችሁ ማን ነው እየተባለ ይጠየቃል፤ የልጅ መልስ ከአባት መልስ ጋር ካልገጠመ ሁለቱም ይመለሳሉ። ስለዚህ ተጓዦች የሐሰቱን ታሪክ በጽሑፍ ይዘው በመርከብ ላይ በቃላቸው ያጠኑት ነበር። ዎንግም ሳይሳሳት መለሰና ተለቀቀ።

ውኃና ጋዜጣ

በሳክራሜንቶ ጥቂት አብረው እንደ ቆዩ አባትየው ሥራ ፍለጋ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ልጁ ትምህርት ቤት እየሄደ በአከራይ ቤት ብቻውን ኖረ፤ አባቱን መልሶ ያገኘው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በሎስ አንጀለስ የቻይናውያን ሰፈር የተከራዩት ክፍል ጠባብና ተባይ የበዛበት ነበር። ዎንግ ከትምህርት በኋላ በፓሳዴና ከተማ በሰው ቤት በቀን 50 ሳንቲም እየተከፈለው ያገለግል ነበር።

የመጀመሪያው የሥዕል አስተማሪው አባቱ ነው። ማታ ማታ የቻይናን የብሩሽ ጽሕፈት ያስተምረው ነበር። ለቀለምና ለወረቀት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው ልጁ ብሩሹን በውኃ እየነከረ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል፤ ውኃው ሲደርቅ ፊደሉ ይጠፋል፣ እንደ ገና ይጻፋል። በዚህ ጽሕፈት አንዴ የተሳበ መስመር አይታረምም፤ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይንና ሐሳብ መወሰን አለባቸው። በኋላ በ«ባምቢ» ሥዕሎች ላይ የሚታየው አጭርና ቁርጥ ያለ የብሩሽ ምት ከዚህ ልምምድ የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ አንድ አስተማሪ ችሎታውን አይቶ በኦቲስ የሥዕል ተቋም የክረምት ነጻ ትምህርት ዕድል አስገኘለት። ክረምቱ ሲያበቃ ዎንግ ወደ መደበኛው ትምህርት አልመለስም አለ። አባቱም የቻይናውያንን ሰፈር ዞሮ የክፍያውን 90 ዶላር አሰባሰበለት። በዚያ ዘመን በቀን 50 ሳንቲም ለሚሠራ ልጅ 90 ዶላር የ180 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ዎንግ በኦቲስ ቢያንስ አምስት ዓመት ሲማር የተቋሙ የጽዳት ሠራተኛም ነበር። በክፍል የምዕራባውያንን አሣሣል እየተማረ፣ በትርፍ ጊዜው በሎስ አንጀለስ ቤተ መጻሕፍት የቻይናን የሶንግ ሥርወ መንግሥት (960–1279) የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ያጠና ነበር። በ1930ዎቹ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ አረፈ።

ያ ጊዜ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ከ1936 እስከ 1938 መንግሥት ሥራ ላጡ ሠዓሊዎች በዘረጋው ፕሮግራም ውስጥ ሠራ። በቻይናውያን ሰፈር ድራገንስ ዴን በተባለ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ሣለ፣ በዚያው በአስተናጋጅነትም ሠራ፤ በዚያም ሩት ኪምን አግኝቶ በ1937 ተጋቡ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ ደመወዙ የማይቋረጥ ሥራ ማግኘት ግድ ሆነ። ዲዝኒ በር ላይ ያደረሰው ይህ ነው።

በዲዝኒ፦ የመካከል ሥዕሎች

ዎንግ በ1938 ዲዝኒ ሲገባ የተሰጠው ሥራ በሙያው መሰላል የመጨረሻው ደረጃ ማለትም ኢንቢትዊነር ነበር። በእጅ በሚሠራ አኒሜሽን ዋናው አኒሜተር የእንቅስቃሴውን ቁልፍ ሥዕሎች ብቻ ይሠራል፤ ለምሳሌ እጅ ሲነሣና ጽዋ ሲይዝ። በሁለቱ መካከል ያሉትን ሥዕሎች ኢንቢትዊነሩ ይሞላል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ያልፋል፤ አንድ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ቢቀረጽ እንኳ አንድ ገጸ ባሕርይ ለአንድ ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። ዛሬ አብዛኛውን የዚህን ሥራ ኮምፒውተር ሁለቱን ቁልፍ ነጥቦች ይዞ በቀመር ያሰላዋል። በዚያ ጊዜ ግን ከታች መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት በወረቀት እየደረቡ፣ ቀኑን ሙሉ በሰው መስመር መካከል የሰውን መስመር መሳል ነበር። አምስት ዓመት ሥዕል ለተማረና ሥራዎቹን በኤግዚቢሽን ላሳየ ሰው አድካሚም አሰልቺም ነበር፤ ዎንግም ይህን አልሸሸገም።

ባምቢ

«ባምቢ» የተመሠረተው ኦስትሪያዊው ደራሲ ፌሊክስ ሳልተን በ1923 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ነው። ታሪኩ ከአንድ የአጋዘን ግልገል ልደት ተነሥቶ፣ እናቱን አዳኞች ገድለውበት፣ አድጎ የደኑ አለቃ እስኪሆን ይሄዳል። በፊልሙ ውስጥ ሰው በአካል አይታይም፤ የሚመጣው የጥይቱ ድምፅና የለኮሰው እሳት ብቻ ነው። ንግግሩም ጥቂት ነው። ስለዚህ ደስታውንም ፍርሃቱንም የሚናገረው በአብዛኛው ደኑ ራሱ ነው።

ስቱዲዮው የተቸገረውም በደኑ ነበር። በ1937 በወጣው «ስኖው ዋይት» የጀርባ ሥዕሎች ላይ የዛፉ ቅርፊት፣ ቅጠሉና ድንጋዩ በአውሮፓ የተረት መጻሕፍት ሥዕል ወግ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ይታያል። ለዚያ ፊልም ይህ ተስማሚ ነበር፤ ደማቅ ልብስ የለበሱ ድንክዬዎች በየትኛውም ደን ፊት ይለያሉ። ለ«ባምቢ» ግን አኒሜተሮቹ የአጋዘንን አጥንትና ጡንቻ አጥንተዋል፤ የአጋዘን ግልገሎች ወደ ስቱዲዮው መጥተውላቸው አነሣሥና አወዳደቃቸውን እያዩ ሥለዋል። እንዲህ ከተፈጥሮ የተቀዱ ቡናማ እንስሳት ቅጠሉ ሁሉ በተቆጠረበት ደን ውስጥ ሲቆሙ ዓይን ይጠፉበታል።

ዎንግ ስለ ፊልሙ ሲሰማ መጽሐፉን አነበበ። ከዚያም ማንም ሳያዝዘው፣ በራሱ ጊዜ፣ ቤቱ ተቀምጦ በደን ውስጥ ያሉ አጋዘኖችን የሚያሳዩ ትንንሽ ሥዕሎች ሠራ፤ ለፊልሙ አርት ዳይሬክተር ለቶም ኮድሪክም አሳየው። ኮድሪክ ሥዕሎቹ ለዋልት ዲዝኒ እንዲታዩ አደረገ። ዲዝኒም ወደዳቸው፤ የፊልሙ መልክ በዚያው አቅጣጫ እንዲሄድ ተወሰነ። ዎንግ ከመካከል ሥዕል ተነሥቶ ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የ«ባምቢ»ን መነሻ ሥዕሎች ሲሠራ ቆየ፤ ለዚህ ሥራ በይፋ የተሰጠው የማዕረግ ለውጥ ግን አልነበረም።

በሥዕሎቹ ውስጥ ያለው መፍትሔ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም እስከዚያ ጊዜ በስቱዲዮው ውስጥ አልተሞከረም ነበር። የሶንግ ዘመን ሠዓሊዎች ተራራን ሲሥሉ ግማሹን በጭጋግ ይተዉታል፤ ባዶው ቦታ የሥዕሉ አካል ነው፤ የጎደለውን ተመልካቹ ይሞላዋል። ዎንግም ደኑን በፓስቴልና በውኃ ቀለም እንዲሁ አደረገው። አጋዘኑ በቆመበት ቦታ ጥቂት ሣር፣ አንድ ሁለት ቅርንጫፍና የብርሃን ጨረር በጥንቃቄ ይሣላል፤ ከዚያ የራቀው ሁሉ ወደ ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይሟሟል። ተመልካች ሙሉ ደን ያየ ይመስለዋል እንጂ የተሣለው ቅጠል ጥቂት ነው። የኮምፒውተር ጌም ሠሪዎች ከተጫዋቹ የራቀን ነገር ዝርዝር ይቀንሳሉ፤ እነሱ ይህን የሚያደርጉት ለማሽኑ ሥራ ለማቃለል ሲሆን፣ ዎንግ ግን ዓይንን ወደሚፈለገው ቦታ ለመምራት ነበር።

ሁለተኛው ነገር ቀለም ነው። በ«ባምቢ» ውስጥ ቀለም የሚከተለው የዕቃውን ተፈጥሯዊ መልክ ሳይሆን የትዕይንቱን ስሜት ነው። ሁለቱ ወንድ አጋዘኖች በሚጋጩበት ትዕይንት ቡናማና አረንጓዴው ይጠፋል፤ ሁለቱ እንስሳት በጠርዛቸው ብቻ ብርሃን የተቀቡ ጥቁር ጥላዎች ይሆናሉ። እናትየዋ በምትሞትበት ክፍል ተመልካቹ ሬሳም ደምም አያይም፤ የተኩስ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ የሚቀረው በረዶ፣ ግራጫ የዛፍ ግንድና እናቱን የሚጣራ ግልገል ነው። ብዙ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱት ይህ ትዕይንት በማያ ገጹ ላይ ምንም የሌለበት ያህል ባዶ ነው።

የዎንግ ሥዕሎች ራሳቸው በፊልሙ ውስጥ አይታዩም። ይህ ነጥብ የስሙን ጉዳይ ለመረዳት ቁልፍ ነው። በዚያ ዘመን አኒሜሽን ገጸ ባሕርያቱ ሴሉሎይድ በተባለ ብርሃን አስተላላፊ ገጽ ላይ ይሣሉና በተለየ የጀርባ ሥዕል ላይ ተደርበው ይቀረጻሉ። የጀርባ ቀቢዎቹ የዎንግን ትንንሽ ሥዕሎች ፊታቸው አስቀምጠው፣ ያንን የውኃና የፓስቴል ልስላሴ በዘይት ቀለም፣ በትልቅ መጠን እንደ ገና መፍጠር ነበረባቸው። አንዳንዱ ትዕይንት ደግሞ መልቲፕሌን በተባለው ካሜራ ሥር፣ በተለያየ ርቀት በተደረደሩ መስታወቶች ላይ ተከፋፍሎ ይቀባል፤ ካሜራው ወደ ታች ሲወርድ የቅርቡ ቅርንጫፍ ቶሎ፣ የሩቁ ዛፍ በዝግታ ስለሚንቀሳቀስ ደኑ ጥልቀት ያገኛል። ዎንግ ቀቢዎቹን ይመራ ነበር። ተጽዕኖውም ከጀርባ ሥዕል አልፎ ጢስን፣ ዝናብንና እሳትን ወደሚሠሩት ክፍሎች ደርሷል።

ስንብትና የስም ዝርዝር

ሜይ 1941 በዲዝኒ ስቱዲዮ የሠራተኞች አድማ ተጀመረ። የክፍያ ልዩነት፣ የሥራ ዋስትናና በፊልም ላይ የስም መጠቀስ ጉዳይ ከቅሬታዎቹ መካከል ነበሩ። ዎንግ ከአድማው አልተቀላቀለም፤ ስቱዲዮው መልካም አድርጎልኛል ብሎ ያምን ነበር። ቢሆንም አድማው ካለፈ በኋላ ቂም ባልበረደበት በዚያው ዓመት ከሥራ ተሰናበተ። ዲዝኒ የቆየው ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

«ባምቢ» ኦገስት 1942 ሲታይ እሱ የስቱዲዮው ሰው አልነበረም። ስሙ ከጀርባ ሥዕል ቀቢዎች ጋር ተዘርዝሯል። ይህን በዘር አድልዎ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ አድልዎው የለም ማለትም አይቻልም። የዚያን ጊዜ የዲዝኒ ዝርዝሮች የብዙ ነጭ ሠራተኞችንም ስም ትተዋል፤ የመነሻ ሥዕል ሠሪ የሚባል ቋሚ መደብም በዝርዝሮቹ ላይ አልነበረም። በሌላ በኩል ዎንግ በስቱዲዮዎች ውስጥ በዘሩ ምክንያት ስድብ ደርሶበታል፤ ከስቱዲዮ ውጭም በ1940ዎቹ እሱና ባለቤቱ ቤት ለመግዛት ሲጠይቁ «ተሽጧል» ይባሉና ከወር በኋላ ሲመለሱ የሽያጩን ምልክት እንደ ተተከለ ያገኙት ነበር። የእገዳው ሕግ የተሻረው በ1943 ሲሆን፣ ዎንግ ዜግነት ያገኘው በ1946 ነው። ይህም ማለት የ«ባምቢ»ን ደን ሲሠራ በሕግ ዜጋ መሆን የማይችል፣ በወረቀት ስም የገባ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ስሙ አለቃው ፊት ቀርቦ ለመከራከር የሚያስችለው መቆሚያ አልነበረውም።

በዋርነር ብራዘርስ

በ1942 የተቀጠረበት የዋርነር ብራዘርስ ሥራ ከአኒሜሽን ወጥቶ ተዋናዮች ወደሚሠሩበት ፊልም ያሻገረው ነው፤ 26 ዓመት ቆየበት።

የፊልምን መልክ በኃላፊነት የሚይዘው ሰው ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ይባላል። ይህ ስያሜ መጀመሪያ የተሰጠው በ1939 ለወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ዲዛይን ለሠራው ለዊሊያም ካሜሮን ሜንዚስ ነው። ከሥሩ አርት ዳይሬክተሮች፣ ከእነሱም ሥር ሠዓሊዎች አሉ። ዎንግ ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። የፊልሙ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ እሱ አንብቦ ገና ያልተሠራውን ቤት፣ ያልተመረጠውን መንገድ፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ካሜራው ከላይ ይሁን ከታች በሥዕል ያቀርባል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ አናጢው ይሠራል፣ የመብራቱ ባለሙያ ያቅዳል፣ ገንዘብ ያዡ ስንት እንደሚፈጅ ያሰላል። ሥዕሉ ጥሩ ከሆነ ዳይሬክተሩ ያንኑ ማዕዘን ይቀርጻል። ቀረጻው ሲያልቅ ሥዕሉ የስቱዲዮው ንብረት ሆኖ ወደ ፋይል ይገባል፤ በማያ ገጹ ላይ የሠዓሊው ስም አይወጣም።

በዚህ ሁኔታ ከሠራባቸው ፊልሞች መካከል ጄምስ ዲን የተወነበት «ሬብል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» (1955)፣ «ሪዮ ብራቮ» (1959)፣ «ዘ ሚዩዚክ ማን» (1962) እና በ1969 የወጣው «ዘ ዋይልድ በንች» ይገኙበታል። ስቱዲዮው አልፎ አልፎ ለሌሎች ያውሰው ነበር፤ ጆን ዌይን የተወነበት የጦርነት ፊልም «ሳንድስ ኦቭ ኢዎ ጂማ» (1949) እንዲህ ከተሠሩት ነው። ዝርዝሩን ላየ ሰው የሚገርመው የዓይነቱ ብዛት ነው፤ በጭጋጋማ ደን የታወቀው እጅ የከብት ጠባቂዎችን አቧራማ ከተማም፣ የጦር ሜዳን ጢስም ሠርቷል። ዎንግን የአንድ ፊልምና የአንድ «የምሥራቅ ስልት» ሰው አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም፣ ከሥራ ዘመኑ አብዛኛውን ያሳለፈው ግን እዚህ ነው።

ካርድ፣ ሸክላና ካይት

ከስቱዲዮው ደመወዝ ጎን ለጎን የገና ካርዶችን ይሥል ነበር። አንዱ ንድፍ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ስሙን በራሱ ፊርማ ወደ ብዙ ቤቶች ያስገባው ይህ ሥራ ነው። በሸክላ ሳህኖች ላይም ይሥል ነበር።

በ1968 ጡረታ ሲወጣ ካይት መሥራት ጀመረ። ቀርከሃ እየሰነጠቀ፣ ወረቀትና ጨርቅ እየቀባ፣ የዋኖስ፣ የቢራቢሮና የመቶ እግር ቅርጽ ያላቸው በነፋስ የሚንሳፈፉ ካይቶችን ሠራ። መቶ እግሮቹ ብዙ ክብ ክፍሎች በገመድ ተያይዘው የሚሠሩ ሲሆን፣ ረጅሙ 100 ጫማ (30 ሜትር ያህል) ይደርሳል። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ሚዛን ካልጠበቀ ሙሉው ስለማይነሣ፣ ሥራው ከሥዕል ይልቅ ለምሕንድስና ይቀርባል። በሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ለዓመታት ያውቁት የነበረው እንደ ካይት ሠሪ ሽማግሌ ነው። ባለቤቱ ሩት በ1995 አረፈች፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በታመመች ጊዜ ያስታመማት እሱ ነበር። ሦስት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

የዘገየ እውቅና

የ«ባምቢ» መነሻ ሥዕሎች የማን እንደ ሆኑ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች አልዘነጉትም ነበር። ለሰፊው አንባቢ ጉዳዩን ካቀረቡት አንዱ የአኒሜሽን ታሪክ ጸሐፊው ጆን ኬንሜከር ሲሆን፣ ስለ ዲዝኒ መነሻ ሥዕል ሠሪዎች በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ዎንግ ጽፏል። የዲዝኒ ኩባንያ በ2001 «የዲዝኒ ሌጀንድ» የተባለውን ማዕረግ ሰጠው፤ ዎንግ 90 ዓመት አልፎታል። በ2011 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ባምቢ»ን ሊጠበቁ ከሚገባቸው ብሔራዊ ፊልሞች መዝገብ አስገባ። በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የዋልት ዲዝኒ ቤተሰብ ሙዚየም ሥዕሎቹን፣ ካርዶቹንና ካይቶቹን ያካተተ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ከተማዪቱ የ10 ዓመት ልጅ ሆኖ ከታሰረባት ደሴት ማዶ ናት። ፓሜላ ቶም «ታይረስ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም በ2015 አቀረበች፤ ዎንግ ስለ ምርመራው፣ ስለ አባቱና ስለ ስቱዲዮዎቹ በራሱ አንደበት ይናገርበታል።

ዲሴምበር 30 ቀን 2016፣ ኤንጅል ደሴት በደረሰ በ96 ዓመቱ በዚያው ቀን፣ በሎስ አንጀለስ ሰንላንድ በተባለው ሰፈር በሚገኘው ቤቱ በ106 ዓመቱ አረፈ። ኦክቶበር 25 ቀን 2018፣ በልደቱ ቀን፣ ጉግል የመነሻ ገጹን ለእሱ መታሰቢያ በተሠራ ሥዕል አውጥቶ ነበር።